የሙያ ማኅበራት ስትራቴጂክ ዕቅድ፦ ምንነቱ፣ አዘጋጀቱና ለአርሶ አደሩ ያለው ፋይዳ

ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተመሠረተችው ይህች ከተማ በእሑድ ገበያዋ ትታወቃለች። የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የአርጎባና የአፋር ማኅበረሰቦች በገበያው ተገናኝተው እህል፣ ግመል፣ የቀንድ ከብት፣ በግና ፍየል ይገበያያሉ። ከየአቅጣጫው የመጡ እንስሳት በአንድ ሥፍራ በሚውሉበት ገበያ የአንዱ መንጋ በሽታ ወደ ሌላው ሊዛመት ይችላል። በዚህም ምክንያት የእንስሳት ሐኪሞች በሙያ ማኅበራቸው አማካኝነት የሚያወጡት ዕቅድ የባለሙያዎቹ ብቻ ሳይሆን የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩም ጉዳይ ነው።

የሙያ ማኅበር በአንድ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚመሠርቱት፣ በአባላት መዋጮና በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ተቋም ነው። በአገራችን ካሉት ነባር የሙያ ማኅበራት መካከል በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ይጠቀሳል። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ሲሆን፣ በደብረ ዘይት የአገሪቱ የመጀመሪያ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሥራ የጀመረው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ማኅበሩ የሙያውን ጥናቶች የሚያወጣ ሳይንሳዊ መጽሔትም ያሳትማል።

ዕቅዱ ምን ማለት ነው?

ስትራቴጂክ ዕቅድ አንድ ማኅበር በቀጣዮቹ ሦስት ወይም አምስት ዓመታት ሊደርስበት የሚፈልገውን ግብና የሚሄድበትን መንገድ የሚወስንበት ሰነድ ነው። ከዓመታዊ ዕቅድ የሚለየው በጊዜው ርዝመት ብቻ አይደለም። ዓመታዊ ዕቅድ በዓመቱ የሚሠሩ ተግባራትን ይዘረዝራል፤ ስትራቴጂክ ዕቅድ ግን የትኛው ሥራ እንደሚቀድምና የትኛው ለጊዜው እንደሚቆይ ይወስናል። የማኅበራት አቅም ውስን በመሆኑ ሁሉንም ለማድረግ የሚነሳ ዕቅድ አንዱንም ሳይፈጽም ዘመኑን ይጨርሳል።

የሕግ ማዕቀፉ

ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀሱ ማኅበራት የሚተዳደሩት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠሩት ደግሞ በክልሉ ይመዘገባሉ። በአዋጁ መሠረት ማኅበር አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት የሚያቋቁሙት ሲሆን፣ የበላይ ወሳኝ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እነዚህ ድንጋጌዎች በቀጥታ ከዕቅዱ ጋር ይያያዛሉ፤ ዕቅዱ ጸንቶ የሚቆመው ጉባኤው ሲቀበለው፣ ገንዘቡም ለዓላማው ሲውል ነውና።

አዘጋጀቱ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከአባላት ነው። በከተማ ቢሮ ከሚሠራው ባለሙያ ሌላ በቀበሌ ጤና ኬላ ያለውና የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ የከፈተው አባል ሐሳቡን ሊሰጥ ይገባል። ቀጥሎ የማኅበሩ ጥንካሬና ድክመት፣ ከውጭ የሚመጡ ዕድሎችና ስጋቶች ይመዘናሉ። ከዚያም ከሦስት ወይም ከአራት ያልበለጡ ዋና ግቦች ይመረጣሉ።

ግቡ የሚለካ መሆን አለበት። ለምሳሌ “የአባላትን አቅም እናሳድጋለን” የሚል ግብ መድረስ አለመድረሱን ማረጋገጥ አይቻልም። “በሦስት ዓመት ውስጥ በዞኑ ወረዳዎች ሁሉ የሚሠሩ አባላት የፍየልና የበግ በሽታ ምልክቶችን የመለየትና ፈጥኖ የማሳወቅ ሥልጠና ያገኛሉ” የሚለው ግን ሊቆጠር ይችላል። ለእያንዳንዱ ግብም ኃላፊ፣ የጊዜ ገደብና በጀት ይመደብለታል። በጀቱ በቅድሚያ በአባላት መዋጮ ላይ ቢመሠረት ይመረጣል፤ በረድኤት ብቻ የቆመ ዕቅድ ረጂው ሲሄድ አብሮ ይቆማልና።

ከደስታ በሽታ የተገኘ ትምህርት

ግብን መርጦ እስከ መጨረሻው መከታተል ምን እንደሚያስገኝ የከብቶች ደስታ በሽታ ታሪክ ያሳያል። ይህ በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ የተካሄደው የክትባት ዘመቻ በሽታውን ቢያዳክመውም፣ ክትትሉ በመላላቱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተስፋፋ።

በ1990ዎቹ ግን አካሄዱ ተለወጠ። በአገሪቱ ሁሉ በጅምላ ይሰጥ የነበረው ክትባት በሽታው ተደብቆ በሚቆይባቸው አካባቢዎች ላይ እንዲያተኩር ተደረገ። ከሰንበቴ ገበያተኞች ጋር በሚጎራበተው የአፋር ምድር፣ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ከማኅበረሰቡ ተመርጠው በሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች መሰጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1995 መጨረሻ ወዲህ በአፋር በሽታው አልታየም። ኢትዮጵያ በ2008፣ ዓለም ደግሞ በ2011 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ። ሥራው የመንግሥት፣ የአጋር ድርጅቶች፣ የባለሙያዎችና የአርብቶ አደሮች የጋራ ውጤት ነበር።

ዛሬ ተመሳሳይ ግብ የተቀመጠው ደስታ መሰል ለሆነው የበግና የፍየል በሽታ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በሽታውን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት አቅደዋል። የሙያ ማኅበር በራሱ ክትባት የማዳረስ ኃላፊነት የለበትም፤ ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው። ማኅበሩ ግን አባላቱን ያሠለጥናል፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ያስከብራል፣ ከመስክ የሚሰበሰበውን እውቀት ለፖሊሲ አውጪዎች ያቀርባል።

ዕቅዱ በሥራ ላይ መሆኑን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

የማኅበሩ አባላት በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሱ ይገባል፦ ከተመረጡት ግቦች የትኛው ተፈጸመ? መዋጮው በምን ላይ ዋለ? ያልተሳካው ለምን ቀረ? ሁኔታዎች ሲለወጡ ዕቅዱን ማሻሻል ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን ለጉባኤው ሊገለጽ ይገባል።

አርሶ አደሩና ነጋዴው በጉባኤው ድምፅ ባይኖራቸውም፣ ዕቅዱ ሲዘጋጅ ሐሳባቸው ቢጠየቅ ለማኅበሩ ይበጃል። የታመመ እንስሳ ወደ ገበያ እንዳይገባ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚወስነው ባለቤቱ ነውና። ባለሙያው በበኩሉ ለሚያቀርብለት ጥያቄ ፈጥኖ ምላሽ መስጠቱ የማኅበሩ ዕቅድ ከወረቀት አልፎ መንጋው ዘንድ መድረሱን ያሳያል።