«ሴቶችም ስንቅ በማቀበል ተሳትፈዋል»

ሊማሊሞ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣሊያን ነው። ገደሉን ፈልፍሎ፣ መንገዱን እንደ እባብ አጥፎ ከደባርቅ ደጋ ወደ ዛሪማ ቆላ ያወረደው ጣሊያን ነው ይባላል። እውነት ነው፣ መንገዱ የወረራው ዘመን ሥራ ነው። የተሠራው ግን መንገደኛ እንዲመቸው አልነበረም። አስመራን ከጎንደር አገናኝቶ ወታደርና ጥይት እንዲያመላልስ ነው የተሠራው። ለዚህም ነው አፋፉ ላይ ወልቀፊት ምሽግ የነበረው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ ወልቀፊት ገና በጣሊያን እጅ ነበር። ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ምሽጉን ይዞ ክረምቱን በሙሉ ተከቦ ከረመ።

ከከበቡት መካከል የአገሩ አርበኞች ነበሩ። እንግሊዞች ያመጧቸው የፑንጃብ ሕንዶችም ነበሩ። ነገሩ ትንሽ ይገርማል። አገራቸው በእንግሊዝ እጅ የተያዘች ሕንዶች የሰው አገር ከጣሊያን ለማስለቀቅ በሰሜን ብርድ ሲንቀጠቀጡ ከረሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች ሕንዶች፣ ያውም ሴቶች፣ እዚያው እንግሊዝን ለመውጋት ሲንጋፖር ላይ ጠመንጃ አነሱ። ሱባሽ ቻንድራ ቦዝ ያቋቋመው፣ ዶክተር ላክሽሚ ስዋሚናታን የመራችው የሴቶች ጦር ነው። ስሙን የወሰደው ከጃንሲዋ ንግሥት ከላክሽሚ ባይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ጓሊየር አጠገብ በፈረስ ላይ ሆና እንግሊዝን ስትዋጋ ከሞተችው። የሲንጋፖሩ ጦር እስከ በርማ ዘለቀ እንጂ ግንባር ላይ ተሰልፎ የመዋጋት ዕድል አላገኘም። ይሁን እንጂ ስም ነበረው፣ የደንብ ልብስ ነበረው፣ አዛዥ ነበረው፣ ፎቶግራፍ ነበረው። ዛሬ የሕንድ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛስ? ስለ አምስቱ ዓመት የተጻፈ ማንኛውንም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ስለ ሴቶች የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ሴቶችም ስንቅ በማቀበልና ቁስለኛ በማንሳት ተሳትፈዋል»። ያቺ «ም» ብዙ ትናገራለች። ጦርነቱ የወንዶች ነበር፣ ሴቶቹ መጨረሻ ላይ ታከሉ ትላለች።

ለመሆኑ የሰሜን አገር በዚህ በኩል ባዶ እጁን አይደለም። በአገሪቱ ታሪክ ከማንም በላይ ስማቸው በጦርነት የሚነሳው ሴት ዘራቸው ከዚያ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የሰሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ ናቸው። ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ፤ ካሣም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጣይቱ እንግዲህ አገሩን በጦርነት ካጣ ቤት የወጡ ሴት ናቸው። (የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ለቴዎድሮስ ተድረው ከመቅደላ ውድቀት በኋላ፣ በግንቦት 1860 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዞች ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። መቅደላን የያዘው ጄኔራል ናፒየር ከአሥር ዓመት በፊት ላክሽሚ ባይ በሞተችበት በጓሊየሩ ዘመቻ የተዋጋ ሰው ነው፤ ይዞት የመጣውም ጦር አብዛኛው ከሕንድ ነበር፣ ከነ44 ዝሆኑ። ዓለም ጠባብ ናት።)

በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ይዞ አልበገር ሲል፣ የብዙ ሰው ደም ከፈሰሰበት ማጥቃት በኋላ መፍትሔውን ያመጡት ጣይቱ ናቸው። ምሽጉ ውሃ የሚቀዳው ከውጭ መሆኑ ሲታወቅ ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ። ጣሊያኑ በጥይት ያልሰጠውን ምሽግ በጥም ለቀቀ። አድዋም ላይ የራሳቸውን ጦርና መድፈኛ ይዘው ተሰልፈዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችም እንስራና ገንቦ ይዘው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲያደርሱ አድርገዋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው እንደ ደግነት ያነበዋል። መቀሌ ላይ ውሃ ጦር እንደሚያሸንፍ ያዩ ሴት ከሁለት ወር በኋላ አድዋ ላይ ውሃን ያደራጁት ለደግነት ብቻ ነው ማለት ግን ይከብዳል።

ጣይቱ ብቻቸውን ከሰማይ አልወረዱም። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1691 ቀዳማዊ ኢያሱ ወይዛዝርቱ በበቅሎ እንደ ወንድ ተፈናጠው እንዳይቀመጡ አዋጅ አስነግረው ነበር። በዚያ ጊዜ ሴቶቹ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀው፣ ሻማቸውን ተከናንበው፣ ረጅም ጦር ይዘው ከዘማቹ ጋር መጓዝ ለምደው ነበርና። አዋጅ የሌለን ነገር ለመከልከል አይወጣም። እቴጌ መነን ሊበንም በ1839 ዓ.ም. ያንኑ ካሣ ኃይሉን ሊወጉ ጦራቸውን ይዘው ዘምተው ቆስለው ተማርከዋል።

እነዚህ ግን ወይዛዝርት ናቸው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ የነበራቸው፣ ስማቸው በብራና የተጻፈ። ከኋላቸው የሄደችው ሴትስ?

የድሮው የኢትዮጵያ ጦር የስንቅ መምሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ካዝናም፣ የጦር ሜዳ ወጥ ቤትም፣ የሕክምና ጓድም አልነበረም። እያንዳንዱ ወታደር የሚበላውን ይዞ ይዘምታል፤ የሚይዝለትና የሚያዘጋጅለት ሰው ደግሞ ሚስቱ፣ እህቱ ወይም ገረዱ ናት። ወፍጮ ትሸከማለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ማታ ትፈጫለች፣ ጠዋት ትጓዛለች። በፈቃዷ የሄደች አለች፣ ተገዳ የሄደችም አለች፤ ከዘማቾቹ ሴቶች መካከል ባሮች እንደነበሩበት መደበቅ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ቋንቋችን በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል፦ ጓዝ። ድንኳኑም ጓዝ ነው፣ ድስቱም ጓዝ ነው፣ ሴቲቱም ጓዝ ናት። በሌላው ዓለም ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሰው የስንቅና ትጥቅ መኮንን ይባላል፣ ማዕረግም ደመወዝም አለው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ ከሰሜን ተነስቶ ተከዜን ተሻገረ፤ ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ታንኮች በእጁ ገለባበጠ። በዓለም ጋዜጦች ሳይቀር የተወራ ድል ነው። ያ ጦር ያንን ሁሉ ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሌላውን ገደል የወጣው ስንቁን በካሚዮን አስጭኖ አልነበረም። ጣሊያን ተከዜ ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብም የሚቃጠለው ሰው የታጠቀው ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ጨርሶ የተለወጠው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ጎንደር ገባ፤ መደበኛው ጦርነት አልቆ የጫካው ተጀመረ። የጫካ ጦርነት ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። መደበኛ ጦር ስንቁ ከኋላው ይከተለዋል፤ አርበኛ ግን ስንቁ ያለው ጠላት በሚመላለስበት መንደር ውስጥ ነው። የአገሩ እህል ገብስ ነው፤ የገብስ በሶና ቆሎ ደግሞ ለሽምቅ ውጊያ የተፈጠረ ይመስላል። እሳት አይፈልግም፣ ጭስ አያወጣም፣ አይሻግትም፣ በአቁማዳ ተቋጥሮ ለቀናት ይቆያል። ነገር ግን ገብስ ራሱን አይቆላም፣ ራሱን አይፈጭም። አንድ መቶ ሰው ጫካ ውስጥ እንዲቆይ በየመንደሩ ስንት ወፍጮ ሌሊቱን ማጉረምረም እንዳለበት ማሰብ ነው። ያ ድምፅ ደግሞ ለባንዳ ጆሮ ይሰማል። ከቤተሰቧ ፍጆታ በላይ የፈጨች ሴት ለቤቷ መቃጠል፣ ለራሷም መታሰር ምክንያት ልትሆን ትችል ነበር። ገበያ የምትወጣዋ ሴት የምሽጉን ዘበኛ ብዛት አይታ ትመለሳለች፤ ከጨው በታች ጥይት ይዛ ታልፋለች። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በዘመኑ ስም ነበረው፦ የውስጥ አርበኛ። አርበኛ የሚለው ቃል እንዳለ አለ። «ረዳት» አልተባለም።

ይህን ጣሊያን ከእኛ የታሪክ ጸሐፊዎች ቀድሞ ተረድቶታል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ዘረት ላይ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን የአርበኞች ወገን በመርዝ ጋዝ አፍኖ ከዋሻው የወጡትን ሲረሽን ከሞቱት ብዙዎቹ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለፋሺስቱ አዛዥ እነሱ ጓዝ አልነበሩም። እነሱ ከተመቱ ጫካ ያለው ተዋጊ እንደሚራብ ያውቅ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ምስክር ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጠው መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ ለአርበኞች ሲልኩ ተይዘው፣ ተገርፈውና ተሠቃይተው፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ በግዞት ተላኩ። አንዲትን ሴት ባሕር አሻግሮ የሚያሥር መንግሥት «ስንቅ አቀባይ ብቻ ናት» ብሎ አይደለም። ሸዋረገድ ከግዞት ሲመለሱም አላረፉም፤ ወደ ትግሉ ገቡ። እዚያው አዚናራ ከታሠሩት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩበት፤ ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የነበሩ፣ አውሮፓ የተማሩ፣ ኋላ በ1949 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት።

ከሁሉም ግን የወይዘሮ ከበደች ሥዩም ታሪክ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከወንድማቸው ከአስፋወሰን ጋር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ምሕረት ተብለው እጃቸውን ሰጡ፤ ተገደሉ። አባታቸው ራስ ሥዩም መንገሻ ቀደም ብለው ለጣሊያን ገብተዋል። በአገሩ ልማድ አንዲት ወይዘሮ የምትጠጋው ወይ ባሏን ወይ አባቷን ነው። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ገባ። ከበደች የባላቸውን ሰዎች ሰብስበው በሸዋ በረሃ ተዋጉ። ሴት የምትዘምተው ባሏን ተከትላ ነው የሚሉ ሰዎች ከበደች ማንን ተከትለው እንደዘመቱ ቢናገሩ ጥሩ ነበር።

እነዚህ ሦስት ስሞች የቆዩልን ግን ለምንድን ነው? ሦስቱም የትልቅ ቤት ልጆች፣ የተማሩ ወይም የከተማ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ከድል በኋላ ለአርበኛ የተሰጠው ማዕረግ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች ነው። ሁሉም የጦር ሜዳ ቦታ ስሞች ናቸው፤ ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ። ለአንዲትም የሴት አቻ የለውም። ጦር የመራችም፣ ጥይት ያሻገረችም፣ ቤቷ የተቃጠለባትም «ወይዘሮ» ናት፤ ሠርግ ላይ የምትጠራዋም «ወይዘሮ» ናት። የደባርቅ ገበሬ ልጅ ግራዝማች ተብሎ ሲመለስ ልጅ ልጁ «አያቴ ግራዝማች እገሌ» እያለ ስሙን ያቆየዋል። ሌሊት ሌሊት በሶውን የፈጨችለት እናቱ በምን ማዕረግ ትታወስ? ማዕረግ የሌለው ሰው ስም በሁለት ትውልድ ይጠፋል። የዳባትና የደባርቅ ሴቶች ስም የጠፋው ስላልሠሩ ሳይሆን የሚንጠለጠልበት መስቀያ ስላልነበረው ነው።

ወልቀፊት የወደቀው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፣ የመስቀል ሰሞን። ጎኔላን ያሸነፈው ከጥይት ይልቅ ረሃብ ነው፤ የሚበላው አልቆ ነበር። ከበውት የነበሩት አርበኞች ግን ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ክረምቱን ሙሉ፣ እህል በሚጠፋበት ወራት፣ ሲበሉ ከረሙ። ምሽጉ ሲለቀቅ እንግሊዞች ምርኮኞቹን ቆጠሩ፤ ወደ 1,600 ጣሊያኖችና ወደ 1,450 የአገር ተወላጅ ወታደሮች። ዛሬም በመጻሕፍት ይገኛል። ገብሱን የቆሉትን ግን የቆጠረ አልነበረም።