ሐሳብና ምልክት፦ የ1764 ዓ.ም. የጨረቃ ግርዶሽ በጎንደርና በስናር መካከል

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ፣ በዛሬው የገዳሪፍ አካባቢ በነበረችው በተዋ በሼክ ፊዴል እጅ ወደቀ። ሼኩ ወርቅ ጠየቀው፤ በሕይወቱም አስፈራራው። እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ብሩስ ዓርብ ሚያዝያ 11 ቀን 1764 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1772) ጨረቃ እንደምትጠቁር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ይህንንም ለሼኩ የሰማይ ምልክት አድርጎ ነገረው። ጨረቃዋ ጠቆረች፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ጉዞውን ቀጠለ።

ያችኑ ጨረቃ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሌላ መንገድ ትቆጥራት ነበር። ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ በሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ መሠረት፣ ዓመተ ዓለም 7264 ለ19 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ አንዱ ስለ ዘመኑ ሲቀነስ ወንበሩ 5 ይሆናል። ከዚህም አበቅቴ 25፣ መጥቅዕ 5 ይወጣሉ። በዓለ መጥቅዕ ሰኞ ጥቅምት 5 ስለዋለ የሰኞ ተውሳክ 6 ይታከላል፤ መባጃ ሐመር 11 ይሆናል። ጾመ ነነዌ የካቲት 11፣ ፋሲካም ሚያዝያ 20 ይውላል።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃዋ ዐሥራ አራተኛ ቀን ሚያዝያ 15 ነው፤ ግርዶሹ ደግሞ ሙሉ ጨረቃ የሆነችው ሚያዝያ 11 እንደነበር ያሳያል። የአራት ቀን ልዩነቱ ከካህናቱ ስሕተት የመጣ አይደለም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛው የጨረቃ ጉዞ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ስለሚዘገይ፣ ከ4ኛው እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠራቀመ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት የጠበቀችው ሰማዩን ለመተንበይ ሳይሆን ምእመናን በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነው።

እምነትንና ሳይንስን በተቃራኒ ወገን የሚያቆመው የተለመደ አከፋፈል እዚህ ይገለበጣል። በተዋ የሥነ ፈለክ ዕውቀት በምልክትና በማስፈራሪያ ቋንቋ ተነገረ፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እምነት በማካፈልና በመቀነስ ተነገረ።

ቃላቱም ይህን ይመሰክራሉ። በግእዝ «ሐሰበ» መቁጠርንም ማሰብንም ይይዛል። አማርኛ ሁለቱን «ሒሳብ» እና «ሐሳብ» ብሎ ለይቷቸዋል፤ ከድንበሩ ማዶም ዐረብኛው «ሒሳብ» ከዚያው ሥር የወጣ ነው። «አበቅቴ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን «መጥቅዕ» ግን ከግእዙ «ጠቅዐ» ይወጣል። ስለዚህ የባሕረ ሐሳብን ቃላት የሃይማኖት ስያሜ ብቻ አድርጎ መመዝገብ ግማሽ ትርጉማቸውን ይጥላል፤ መዝገበ ቃላት የስሌት ቃልነታቸውንም ሊያሰፍር ይገባል።