ባሩዱን የሚለካው ማን ነው?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ከወቅታዊ ነገር የራቀ ይመስላል። በአሜሪካ በብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ጠረጴዛ ላይ የምትገኝ አንዲት ማሽን አለች። ከላይ የባሩድ ማጠራቀሚያ፣ ከሥር ሚዛን፣ ከፊት የቁጥር መስኮት አላት። ባለቤቱ የሚፈልገውን ልክ በቁልፍ ያስገባል። ማሽኗ ባሩዱን በምትሽከረከር ቀጭን ቱቦ እያንጠባጠበች ሚዛኑ ላይ ወዳለው ጽዋ ትጥላለች፤ ልኩ ሲሞላ ራሷ ታቆማለች። ሰውዬው ያንን ባሩድ ቀድሞ በተተኮሰ ቀለህ ውስጥ ይገለብጣል፣ አዲስ እርሳስ ይገጥምበታል፤ ባዶው ቀለህ እንደገና ጥይት ይሆናል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላወራንለት ነበር። ነገር ግን ከማሽኗ ጀርባ የቆየ የታሪክ ጥያቄ አለ፤ ባሩዱን የሚለካው ማን ነው? ጠመንጃውን የያዘው ሰው ነው? ፋብሪካው ነው? ወይስ ፋብሪካው ያለበት አገር? ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ በደም ዋጋ ከፍላለች። ዛሬ ደግሞ አውሮፓ በተራዋ እየተጨነቀችበት ነው።

መስፈሪያው በተኳሹ እጅ ሳለ

ለብዙ መቶ ዓመታት ባሩድ ማለት ጥቁር ባሩድ ነበር። ሦስት ነገሮች ይበቁታል፦ ሶልትፒተር የሚባለው የመሬት ጨው፣ ከሰልና ድኝ። የተለመደው ድርሻ ከመቶ 75 ሶልትፒተር፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ ነው። በአገራችንም ይህ ባሩድ በእጅ ይሠራ ነበር። ድኙ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይመጣል፣ ጨዉ ከአፈር ተጣርቶ ይወጣል፣ ከሰሉ በየደጁ አለ። ጥራቱ ከአውሮፓው ቢያንስም ነፍጡን ያስጮኻል።

ጥቁር ባሩድ አንድ ደግ ጠባይ ነበረው። ልኩ ጥቂት ቢጎድል ወይም ጥቂት ቢያልፍ ብዙ ጊዜ ይታገሣል። ስለዚህ በሚዛን ሳይሆን በስፍር ይለካ ነበር። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነፍጠኞች እያንዳንዳቸው የአንድ ተኩስ ባሩድ የያዙ ትንንሽ የእንጨት ብልቃጦች ከትከሻቸው ዝናር ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ሌላው ባሩዱን በቀንድ ይይዝና በትንሽ መስፈሪያ ይሰፍራል። መሣሪያው ይለያይ እንጂ ሰፋሪው ያው ተኳሹ ነበር። ድኝ፣ ጨውና ከሰል ያለው አገር ደግሞ ለባሩድ ሲል የማንንም ደጅ አይጠናም።

ኬሚስቱ ሲገባ

ይህን የለወጠው ጥጥ ነው። በ1846 እ.ኤ.አ. ሾንባይን የተባለው ኬሚስት በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ የተነከረ ጥጥ ከጥቁር ባሩድ በበለጠ ኃይል እንደሚነድ ለዓለም አሳወቀ። ኃይሉን መግራት ግን ቀላል አልነበረም። በ1847 እንግሊዝ አገር ፋቨርሻም ላይ የነበረው ፋብሪካ ፈንድቶ የብዙ ሠራተኛ ሕይወት ጠፋ። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ያንን ጥጥ አሟሙቶና አድልቦ በልክ የሚነድ፣ ጭስ አልባ ባሩድ እስኪሠራ ድረስ 40 ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1886 የፈረንሳይ ጦር በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ያዘ። ኖቤል በ1887፣ እንግሊዞች በ1889 የየራሳቸውን ተመሳሳይ ባሩድ አወጡ።

አዲሱ ባሩድ በክብደት ሲተያይ የጥቁሩን ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል አለው። ትዕግሥቱ ግን ያንሳል። ልኩ ሲያልፍ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በፍጥነት ይወጣል፤ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ፣ ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በኋላ እፍኝና ቀንድ አያዋጡም፤ ሚዛን ግድ ሆነ። በዚያ ላይ ጥይቱ የናስ ቀለህና በቀለሁ ቂጥ የምትገባ፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋ ትንሽ መለኮሻ ይፈልጋል። ሦስቱም የፋብሪካ ሥራ ናቸው። መስፈሪያው ከተኳሹ እጅ ወጥቶ ወደ ኬሚስቱ ቤተ ሙከራ የገባው ያኔ ነው።

ውጅግራው አለ፣ ጥይቱስ?

ይህ ለውጥ ኢትዮጵያን ያገኛት በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። አገሪቱ ሰናድር፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጅግራ በብዛት ታስገባ ነበር። ጠመንጃ አንዴ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥይት ግን ተተኩሶ ያልቃል። በዘመኑ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በየገበያው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ሰው ገንዘብ የሚያደርገው እንደልብ የማይገኘውን ነገር ነው፤ ይህ ብቻ የጥይትን ነገር ይነግረናል።

ምኒልክ ይህን ከማንም በላይ የተረዱት ይመስላል። የአውሮፓ መንግሥታት በ1890 በብራስልስ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ሲስማሙ፣ እሳቸው ከፈረንሳይም ከጣሊያንም ከግል ነጋዴም እየገዙ ያከማቹ ነበር። ከውጫሌ ውል በኋላ ጣሊያን ራሷ ጠመንጃና ጥይት ልካላቸዋለች። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጣሊያኖች አብዛኛውን ወታደራቸውን ያሰለፉት አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን የድሮውን ቬተርሊ አስይዘው ነበር። በዚያ ቀን በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው የጥይት ልዩነት ያን ያህል ሰፊ አልነበረም። የጦሩ ብዛት፣ ጀግንነቱና አመራሩ ሊለዩት የሚችሉት ልዩነት ነበር።

ከ40 ዓመት በኋላ ግን ሚዛኑ ተዛብቶ ተገኘ። በነሐሴ 1930 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ወደ አገራችን የሚገባውን መሣሪያ የሚመለከት ውል ፓሪስ ላይ ፈረሙ። በወረቀት ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ለመከላከያው የሚያስፈልገውን ማስገባት ይችላል። በሥራ ላይ ግን መንገዱ ሁሉ በጎረቤት ቅኝ ገዢዎች ወደብ የሚያልፍ ነው። በ1935 ክረምት ጦርነቱ ሲያንዣብብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለሰሚው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለሁለቱም እኩል ተከለከለ። ግን አንዱ ለጦርነት የሚበቃ የራሱ የጥይትና የባሩድ ፋብሪካ ያለው፣ ሌላው የሌለው ነበር። እኩል ክልከላ እኩል ያልሆኑትን ሲነካ አንዱን ብቻ ያንቃል። ጥቅምት ላይ ክልከላው ለኢትዮጵያ ሲነሣ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ጠመንጃው ብዙ ዓይነት፣ ጥይቱም እንደ ጠመንጃው ብዙ ዓይነትና ጥቂት ነበር።

ለዚህ ነው «ስንት ጠመንጃ ነበረን?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው የምለው። ሌላው ግማሽ «ባሩዱ ከማን ነበር?» የሚለው ነው።

መስፈሪያው ወደ ቤት ሲመለስ

በአሜሪካ ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1870ዎቹ በሜዳማው ምዕራብ ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ከከተማ ርቀው ስለሚከርሙ ቀለሁን ሳይጥሉ ራሳቸው ይሞሉት ነበር። በ1884፣ ቪዬይ በፓሪስ ጭስ አልባውን ባሩድ ባወጣበት በዚያው ዓመት፣ አይዲያል የተባለ ድርጅት በኮነቲከት የጥይት መሙያ ዕቃ ለመሸጥ ተቋቋመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ አርሲቢኤስ በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት የተረፈውን የጦር ሜዳ ባሩድ በርካሽ ሲሸጥ፣ ብሩስ ሆጅደን የተባለ የካንሳስ ሰው ገዝቶ ለግል ተኳሾች ቸረቸረው። በርካታ የዛሬ ጥይት ሞይዎች የዚያ ትርፍ ባሩድ ልጆች ናቸው።

መለኪያው መጀመሪያ እንደ ወርቅ አንጣሪ ሚዛን ያለ ባለ ክንድ ሚዛን ነበር። ሰውዬው ባሩዱን በጣቱ እያንኳኳ፣ ክንዱ እስኪረጋ እየጠበቀ ይለካል። ኤሌክትሮኒክ ሚዛንና ባሩድ ጣይ ማሽን ሲጣመሩ ሥራው ፈጠነ። ፈጣን መሆኑ ግን የራሱን አደጋ ይዞ መጣ፤ ሰው ቁጥሩን ማመን ይጀምራል።

መምረጥና መጠቀም

መለኪያው ግሬይን ይባላል። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ነው፤ አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ይሆናል። የተለመዱት ማሽኖች ስሕተታቸው ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1 ግሬይን እንደሆነ ይገልጻሉ። ይህም 6.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ለአደንና ለተለመደ ዒላማ ይበቃል። እጅግ ርቆ የሚተኩስ ሰው በመግነጢስ ኃይል የሚመዝን የቤተ ሙከራ ሚዛን ገዝቶ እስከ 0.02 ግሬይን ይለካል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ማሽኗ ሳይሆን ስለ ባሩዱ ነው። ክብ ክብ ፍሬ ያለው ባሩድ እንደ ጤፍ ይፈስሳል፤ በጥሩ የስፍር መሣሪያም በደንብ ይለካል። እንደ ስንጥር የረዘመው ግን እርስ በርሱ እየተያያዘ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይዘረገፋል። ማሽኗ ገንዘቧን የምትመልሰው በዚህኛው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መስኮቷ ላይ ስንት አሃዝ አለ ሳይሆን ሚዛኗ ስንቱን በእውነት ትለያለች የሚለው ነው፤ ብዙ አሃዝ ማሳየት ብዙ ማወቅ አይደለም። ሦስተኛው፣ ከማጠራቀሚያዋ የቀረውን ባሩድ ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ይቻላል ወይ? ትናንት የቀረ ጥቂት ፍሬ ከዛሬው ሌላ ባሩድ ጋር መቀላቀሉ ሰው ሊጎዳ ይችላልና።

አጠቃቀሙ ላይ ሚዛኗ ሥራ ከመጀመሯ በፊት እንድትሞቅ ጊዜ ይሰጣታል። ከማራገቢያ ነፋስ፣ ከስልክና ከሚነዝር ጠረጴዛ ትርቃለች። ክብደቱ በታወቀ መፈተሻ ብረት መጀመሪያ ላይ፣ መሐል ላይና መጨረሻ ላይ ትፈተናለች። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ባሩድ ብቻ ይቀመጣል። ልኩ የሚወሰደው ባሩዱን ከሠራው ድርጅት መጽሐፍ ነው እንጂ ከጓደኛ ወሬ አይደለም። ቀለሁ ከተሞላ በኋላ ደግሞ በዓይን ይታያል፤ ማሽኗ ስንት እንደመዘነች ታውቃለች፣ አንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ መሞላቱን ግን አታውቅም። በሸማች ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ የነጋዴውን ኪሎ የምንፈትነው ነጋዴው ሌባ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሚዛን ሳይዋሽም ሊሳሳት ስለሚችል ነው።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የተነገረው ማንም ቤቱ ገብቶ እንዲሞክረው አይደለም። የተነገረው ከማሽኗ የምንማረው ስላለ ነው።

ጥጡ ሲጠፋ

ከ2022 የዩክሬን ጦርነት በኋላ የዓለም የመድፍ ባሩድ ፍላጎት ናረ። በ2023 መጨረሻ ከአሜሪካ ትልልቅ የጥይትና የባሩድ ሻጮች አንዱ የነበረው ቪስታ አውትዶር፣ የባሩድ እጥረት በዓለም ደረጃ ይመጣል ብሎ ዋጋ እንደሚጨምር ለደንበኞቹ አስታወቀ። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነር ቲየሪ ብረቶን ባሩድ የሚሠራበት ልዩ ጥጥ በአብዛኛው ከቻይና እንደሚመጣ ተናገሩ። የመድፍ ፋብሪካ፣ ገንዘብና መሐንዲስ የሞላላት አህጉር በጥጥ ቃጫ ተያዘች። በካንሳስም ሆነ በነብራስካ በሺህ ዶላር የተገዛች ማሽን ባዶ ማጠራቀሚያዋን ይዛ ተቀመጠች።

ታሪኩ ዞሮ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ማሽኗ መስፈሪያውን ለተኳሹ መልሳለታለች፤ ባሩዱን፣ መለኮሻውንና የልኩን መጽሐፍ ግን አልመለሰችም። እነሱ አሁንም የፋብሪካው ናቸው። ጥጥ የሚያበቅል አገር ሁሉ ባሩድ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ በመካከሉ አሲድ አለ፣ የኬሚስት ትምህርት አለ፣ የፋቨርሻም ዓይነት አደጋን የሚያስቀር ዲሲፕሊን አለ።

ዛሬ ኢትዮጵያ በአምቦ አካባቢ ሆሚቾ የሚባል የጥይት ፋብሪካ አላት። በየጊዜው «እንዲህ ያለ መሣሪያ አገር ውስጥ ተመረተ» የሚል ዜና እንሰማለን። ዜናውን ማጣጣል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥያቄውን በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ነው፤ ተገጣጠመ ወይስ ተሠራ? ውስጡ ያለው ባሩድ ከየት መጣ? መለኮሻውስ? ወደብ ቢዘጋ ስንት ወር ይበቃል? ይህ ጥያቄ ለማዳበሪያም፣ ለመድኃኒትም፣ ለነዳጅም ያው ነው። በ1935 ያልተጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልሱንም ያገኘነው ማይጨው ላይ ነው።