ድኛለሁ፤ ታዲያ ለምን እወድቃለሁ?

በሬዲዮ ያስተላለፍነውን ትምህርት በጽሑፍ ስጡን ስላላችሁን እነሆ አሳጥረን አቅርበነዋል።

ወደ ፕሮግራማችን ከሚመጡት ስልኮች መካከል አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ፓስተር፣ ጌታን ከተቀበልኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ግን አሁንም እቆጣለሁ፣ አሁንም እዋሻለሁ። እኔ መቼም አልዳንኩም ማለት ነው አይደል?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ «የዳንኩት በጸጋ ነው፤ አኗኗሬ ማንንም አያገባውም» ይላል። አንደኛው እንቅልፍ አጥቷል፤ ሁለተኛው ከልክ በላይ ተኝቷል። ሁለቱም የሚሉትን በአንድ ዕድሜው የሰማ ሰው አለ፤ ዛሬ የእሱን ታሪክ እንይ።

ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1703 እንግሊዝ አገር፣ ኤፕወርዝ በምትባል ቦታ ከቄስ ቤት ተወለደ። በኦክስፎርድ ወንድሙ ቻርልስ የጀመረውን የተማሪዎች ማኅበር ይመራ ነበር። እስረኛ ይጠይቃሉ፣ ለድኻ ይሰጣሉ፣ በሰዓት ተከፋፍለው ይጸልያሉ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። አዎ፣ ረቡዕና ዓርብ! ከጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን የወሰዱት ሥርዓት ነው፤ እዚህ አገር ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጓደኞቻቸው ይሥቁባቸው ነበር። «ሜቶዲስት» የሚለው ስም ራሱ የወጣላቸው ለፌዝ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ግን ሰላም የለውም። በ1735 ለወንጌል ሥራ ወደ ጆርጂያ፣ አሜሪካ በመርከብ ተነሣ። ባሕር ላይ ከባድ ማዕበል ተነሣና ሸራውን ቀደደው፤ እንግሊዞቹ ይጮኻሉ። ሞራቪያውያን የሚባሉት የጀርመን አማኞች ግን መዝሙራቸውን አላቋረጡም፤ ሕፃናቱ እንኳ ሞትን አልፈሩም። ዌስሊ ይህን አይቶ ገረመው። እሱ ራሱ ፈርቶ ነበርና! ጆርጂያ ሲደርስ ስፓንገንበርግ የሚባል የሞራቪያውያን መሪ ኢየሱስ እሱን ራሱን እንዳዳነው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ዌስሊ ኢየሱስ የዓለም አዳኝ መሆኑን ያውቃል፤ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን ተስፋ አደርጋለሁ ከማለት አላለፈም። ስንቶቻችን ነን እዚህ ላይ የቆምን?

የጆርጂያው አገልግሎት አልተሳካም፤ አዝኖ ተመለሰ። ግንቦት 24 ቀን 1738 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ማታ፣ ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በሚባል ጎዳና ወደተደረገ ስብሰባ ሳይወድ ሄደ። አንድ ሰው ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መግቢያ ያነባል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የዌስሊ ልብ ሞቀ፤ ክርስቶስ የእሱን ኃጢአት፣ አዎ የእሱን፣ እንደወሰደለት አመነ። ዲያቆን ሆኖ ከተሾመ እኮ ከ12 ዓመት በላይ ሆኖታል!

ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ከባዱ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ፌተር ሌን በሚባለው የለንደን ኅብረታቸው ውስጥ አዲስ ትምህርት ገባ፦ ሙሉ እምነት የሌለው ሰው ዝም ብሎ ይጠብቅ፣ አይጸልይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አያንብብ፣ ከጌታ እራት ይራቅ፤ ይህን ካደረገ በሥራው መዳን ፈልጓል ማለት ነው ተባለ። ጸጋን የሚያከብር ይመስላል አይደል? ዌስሊ ግን የተራበ ሰው ከማዕድ ሲከለከል ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። በ1740 ጥቂት ሰዎችን ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ከሞራቪያውያን አለቃ ከዚንዘንዶርፍ ጋር በለንደን አንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ተገናኝተው በላቲን ቋንቋ ተከራከሩ። ዚንዘንዶርፍ የአማኝ ፍጹምነት ክርስቶስ ብቻ ነው፣ በራሳችን ውስጥ ምንም ፍጹምነት የለም ይላል። ዌስሊ ደግሞ የክርስቶስ መንፈስ በውስጣችን ምንም አይሠራም እንዴ ባይ ነው። ሳይስማሙ ተለያዩ።

ታዲያ ዌስሊ «ፍጹምነት» ሲል ምን ማለቱ ነው? ልብ በእግዚአብሔርና በሰው ፍቅር ሲሞላ ማለቱ ነው። ካለማወቅ፣ ከስሕተት፣ ከድካም፣ ከፈተና ነፃ መሆን ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰውም በየቀኑ የክርስቶስ ደም ያስፈልገዋል ብሎ አስተምሯል። በግሪኩ «ቴሌዮስ» የሚለው ቃል የበሰለን፣ ግቡን የደረሰን ነገር ይገልጻል፤ የእኛም «ፍጹም» የመጣው «ፈጸመ» ከሚለው ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን ተመልከቱ። ጌታ እንደ አባታችሁ ፍጹም ሁኑ ያለው ለክፉውም ለደጉም ስለምትወጣው ፀሐይ ተናግሮ፣ ጠላትን ስለ መውደድ ካስተማረ በኋላ ነው። ፊልጵስዩስ 3 ላይ ደግሞ ጳውሎስ ገና ፍጹም አልሆንኩም ይልና ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ራሱን ከፍጹማን ጋር ይቆጥራል። አንዱ የሩጫው መጨረሻ ነው፤ ሌላው የበሰለ ሰው አሯሯጥ። የደወልክልኝ ወንድሜ፣ መውደቅህ የሚያሳዝንህ ከሆነ በውስጥህ የሚሠራ አንድ ሰው አለ ማለት ነው፤ የሞተ ሰው ቁስሉ አያመውም። አኗኗሬ አያገባችሁም ያልከው ግን፣ ኤፌሶን 2 ቁጥር 9 ላይ አታቁም፤ ቁጥር 10ንም አንብብ።

ዌስሊ ይህ ፍቅር በዚሁ ሕይወት፣ በአንድ ቅጽበት ሊሰጥ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። እኔ በዚህ ነጥብ አልከተለውም፤ አደጋውን ራሱም ቀምሶታል። በ1762 ለንደን ውስጥ ቶማስ ማክስፊልድ የተባለው ሰባኪውና ጆርጅ ቤል የተባለ የቀድሞ ወታደር፣ እንደ መላእክት ፍጹም ሆነናል፣ ከእንግዲህ አንፈተንም የሚሉ ሰዎችን ሰበሰቡ። ያልደረሰ ሊያስተምረን አይችልም አሉ። ዌስሊ በደብዳቤ መከራቸው፤ አልሰሙም። (እኔን ብትጠይቁኝ በጣም ዘግይቷል።) በመጨረሻ ቤል ዓለም የካቲት 28 ቀን 1763 ያልፋል ብሎ ተነበየ። ከተማው ታወከ፤ ቤልም ታሰረ። የዚያን ቀን ማታ ዌስሊ ትንቢቱ ሐሰት መሆኑን ሰበከና በተለመደው ሰዓቱ ተኛ። ስንቱ ሳይተኛ አደረ መሰላችሁ! ማክስፊልድ ብዙ ምእመናን ይዞ ተለየ። ዌስሊ በ1766 ስለ ፍጹምነት የሚያምነውን በመጽሐፍ አወጣ፤ ስለ ራሱ ግን ደርሻለሁ ብሎ አላወጀም።

ይህ ነገር የእኛን የጴንጤቆስጤዎችንም ቤት ይነካል። በ1906 በሎስ አንጀለስ አዙሳ ጎዳና ሪቫይቫሉን የመራው ዊልያም ሲሞር፣ ሰው መጀመሪያ ይድናል፣ ቀጥሎ በሁለተኛ ልምምድ ይቀደሳል፣ ከዚያ በመንፈስ ይጠመቃል ብሎ ያስተምር ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ከዌስሊ ልጆች የተወረሰ ነው። ከቺካጎ የመጣው ዊልያም ዱርሃም ደግሞ በመስቀሉ ሥራው ተጠናቋል፣ ቅድስና ከዳንን ቀን ጀምሮ የምናድግበት ነው አለ። በ1911 ሲሞር በሌለበት አዙሳ መጥቶ ሰበከ፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ሲሞር ሲመለስ በሩን ቆለፈበት። ስለ ቅድስና እየተከራከሩ ነው እንግዲህ! በዚያው በ1906 ኒውዮርክ ላይ በመንፈስ ተሞልቶ እሳቱን ወደ ስካንዲኔቪያ የወሰደው ቶማስ ባራትም የሜቶዲስት ቄስ ነበር፤ ኋላ ከስዊድንና ከፊንላንድ ጴንጤቆስጤያውያን ሚስዮናውያን ወደ አገራችን መጥተዋል።

ዌስሊም ከኦክስፎርዱ ጓደኛው ከጆርጅ ዋይትፊልድ ጋር ተጣልቶ ነበር። ዋይትፊልድ በአስቀድሞ መመረጥ ያምናል፣ የዌስሊን ፍጹምነት አይቀበልም፤ ክርክራቸው በጽሑፍ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ዋይትፊልድ መስከረም 1770 አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ቀደም ብሎ፣ ስሞት ዌስሊ ይስበክልኝ ብሎ ነበር። ኅዳር 18 ዌስሊ ለንደን ላይ፣ በዋይትፊልድ በራሱ የጸሎት ቤት ቆመ። የተከራከሩበትን አላነሣም፤ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ስለ ሰበኩት ነገር፣ ዳግመኛ ስለ መወለድና በእምነት ስለ መጽደቅ ተናገረ።