የቤት ውስጥ ሙቅ መታጠቢያ ከመተከሉ በፊት ሊዘረጋ የሚገባው የኤሌክትሪክ መስመር

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ጉለሌ ከአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አካባቢዎች አንዱ ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የማለዳው ብርድ ይጠነክራል። ከተማዋ ከሙቅ ውሃ ጋር ያላት ትስስር የቆየ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አቅራቢያ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት እንደሆነ ይታወቃል።

ዛሬ በየቤቱ ውሃ የሚሞቀው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ነው። በብዙ ቤቶች ቦይለር፣ በሌሎች ውሃው ሲከፈት ወዲያው የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ፣ በአንዳንድ አዳዲስ መኖሪያዎች ደግሞ ጃኩዚ ይተከላል። ሦስቱም ውሃን፣ ኤሌክትሪክንና ሰውነቱ የረጠበ ሰውን በአንድ ጠባብ ክፍል ያገናኛሉ። በመሆኑም ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መስመሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ጭነቱን ማስላት

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ባለ አንድ ፌዝ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ ዕቃ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለማወቅ በላዩ የተጻፈውን ዋት ለ220 ማካፈል በቂ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 1,500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር ገደማ፣ ባለ 5,500 ዋት የሻወር ማሞቂያ 25 አምፔር ይስባል። ባለ 3,000 ዋት ማሞቂያና ባለ 1,500 ዋት ፓምፕ ያለው ጃኩዚ ደግሞ ከ20 አምፔር በላይ ይፈልጋል።

ችግሩ የሚታየው እነዚህ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በአንድ ሰዓት ሲሠሩ ነው። ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ጃኩዚውና ቦይለሩ ከተከፈቱ ድምሩ 9,500 ዋት ወይም 43 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ በቅድሚያ ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ዋና ብሬከር ላይ የተጻፈውን አምፔር ማንበብ ያስፈልጋል። በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራ በሚጠቀምባቸው ግቢዎች የሁሉም ፍጆታ አብሮ መደመር አለበት። ጭነቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል ማሳደግ ወይም ሦስት ፌዝ ማስገባት የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

የሚሞቀውም ውሃ መጠን ይለያያል። ውሃው ሲገባ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ቢባል፣ 80 ሊትር ቦይለር እስከ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ጃኩዚ ግን 38 ዲግሪ ለመድረስ ብቻ 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በባለ 3,000 ዋት ማሞቂያ ይህ 9 ሰዓት ያህል ይወስዳል። መስመሩ ለረጅም ሰዓት ሙሉ ጭነት የሚሸከም በመሆኑ ቀጭን ሽቦ አይመከርም።

ለብቻው የተዘረጋ መስመር

ማሞቂያ ከመብራት፣ ከሶኬት ወይም ከምጣድ መስመር ላይ ሊቀጠል አይገባም። ከማከፋፈያ ሳጥኑ የራሱ ብሬከርና የራሱ ሽቦ ሊኖረው ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር ለ16 አምፔር ብሬከር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ25 አምፔር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይዘረጋል። ርቀቱ ከረዘመ ወይም በአንድ ቱቦ ብዙ ሽቦ ካለፈ ከዚህ ወፈር ያለ ይመረጣል።

ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ሽቦውን ሳይቀይሩ ባለ ከፍተኛ አምፔር ብሬከር መተካት አደገኛ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከሽቦው አቅም በላይ ከሆነ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ እየጋለ የእሳት አደጋ ሊያስነሳ ይችላል። የብሬከሩ ተደጋግሞ መውረድ ችግር መኖሩን የሚያመለክት በመሆኑ መንስኤው ሊመረመር ይገባል።

የአካባቢው ከፍታም ከግምት ይገባል። ለቤት የሚሠሩ ብሬከሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ በአጠቃላይ የተዘጋጀው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን ጉለሌ ከዚያ በላይ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ብሬከርን እስከ መጨረሻው አቅሙ ከመጫን ይልቅ ክፍተት መተው ይሻላል።

የመሬት ሽቦና የፍሳሽ መከላከያ

በአንዳንድ ቆየት ያሉ ቤቶች ወደ መታጠቢያ ክፍሉ የሚገባው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ የለም። የቦይለሩ ማሞቂያ አካል ሲበላሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱና ወደ ውሃው ይፈስሳል። መሄጃ ሲያጣ የሚያልፈው በሚታጠበው ሰው ሰውነት በኩል ነው። በቂ የመሬት ሽቦ ለማግኘት ዘንግ ወደ መሬት ተቀብሮ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ጋር መገናኘትና በመሣሪያ መለካት አለበት። አፈር በበጋ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ በክረምት የተገኘው ውጤት ብቻውን አያስተማምንም።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አሠራሮች አሉ። አንደኛው የመሬት ሽቦውን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው፤ ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ምንም አያገለግልም። ሁለተኛው በሶኬቱ ወይም በቦይለሩ ላይ የመሬት ሽቦውን ከኒውትራል ጋር ማገናኘት ነው። ኒውትራሉ በሆነ ቦታ ቢበጠስ የቦይለሩ ብረት በሙሉ ኃይል ይይዛል።

ከመሬት ሽቦው በተጨማሪ በተለምዶ «አርሲዲ» የሚባለው የፍሳሽ መከላከያ ሊገጠም ይገባል። ተራ ብሬከር የሚወርደው ብዙ አምፔር ሲያልፍ ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ በቂ ነው። ለመታጠቢያ ክፍል የሚመረጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ በሄደውና በተመለሰው ኤሌክትሪክ መካከል ልዩነት ሲያይ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በላዩ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየጊዜው ተጭኖ መሥራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የማብሪያ ማጥፊያው ቦታና ዓይነት

ማብሪያ ማጥፊያው ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ቢሆን ይመረጣል። ሶኬት ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በግቢ ውስጥ ከሚተከል ጃኩዚ ደግሞ ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ አለበት። በማራዘሚያ ማከፋፈያ መጠቀም በማንኛውም ሁኔታ አይመከርም።

ብዙ ሰው ቦይለሩን አጥፍቶ የመታጠብ ልማድ አለው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ሆኖም ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ከሆነና ፌዙና ኒውትራሉ ተቀያይረው ከተገጠሙ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም ማሞቂያውንና ፓምፑን አጥፍቶ፣ ኃይሉ ተመልሶ ከረጋ በኋላ መክፈት ይመከራል።

ቧንቧው ሲነዝር

«ቧንቧው ትንሽ ይነዝራል» እየተባለ የሚታለፍ ምልክት በቸልታ ሊታይ አይገባም። ዛሬ በደረቅ እጅ ትንሽ የነዘረ ነገ በረጠበ ሰውነት ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ዋናውን ብሬከር ማውረድ፣ መታጠቢያ ክፍሉን አለመጠቀምና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘውም ኃይሉን ሳያጠፉ በእጅ መንካት ሁለተኛ ተጎጂ ያስከትላል።

በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ ነው፤ ይህን ዘርፍ የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ባለቤቱ ሥራውን ከመረከቡ በፊት የመሬት ሽቦው በፊቱ እንዲለካ፣ የፍሳሽ መከላከያው እንዲሞከርና በማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ የማሞቂያው ብሬከር ተለይቶ እንዲጻፍበት መጠየቅ አለበት። ከቆጣሪው ውጭ ባለው መስመር ላይ ብልሽት ከታየ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይቻላል።