የሱፐርቫይዘር ድርሻ በአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሥራ

በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የሰፈረው የመጸዳጃ ቤት ቁጥርና በቀበሌው ውስጥ በትክክል አገልግሎት የሚሰጡት መጸዳጃ ቤቶች ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ግድግዳው ቆሞና በመዝገብ ተቆጥሮ ሳለ ቤተሰቡ አሁንም ወደ ጫካ የሚወጣበት ሁኔታ አለ። ይህን ልዩነት በወቅቱ አውቆ የማጥበብ ኃላፊነት በዋናነት የሚያርፈው በሱፐርቫይዘሩ ላይ ነው። ሪፖርቱንም መሬት ላይ ያለውንም ጎን ለጎን የሚያይ፣ በሁለቱም ላይ መናገር የሚችል ባለሙያ እርሱ ነውና።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ መብት በቀበሌ ደረጃ ሲተረጎም የሰገራ አወጋገድ፣ የመጠጥ ውኃ ደኅንነት፣ የደረቅና ፈሳሽ ቆሻሻ አያያዝ፣ የምግብ ንጽሕና እንዲሁም የነፍሳትና የአይጦች ቁጥጥር ይሆናል። መብቱ ተከበረ ለማለት የሚቻለው እነዚህ ሥራዎች መከናወናቸው በአካል ሲረጋገጥ ነው።

የሥራው አመጣጥ

በሀገራችን የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሙያ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ሳኒቴሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ ባለሙያዎች በቡድን ወደ ገጠር እንዲሠማሩ መታሰቡ ሕክምናና ንጽሕና ተለያይተው እንደማይታዩ ከመጀመሪያው የታወቀ መሆኑን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ቀበሌ አውርዶታል። በአሥረኛ ክፍል ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ሴቶች የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ተደረገ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ 7ቱ የግልና የአካባቢ ንጽሕና አጠባበቅን የሚመለከቱ ነበሩ። በዚህ አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ በአማካይ አምስት ጤና ኬላዎችን ይደግፋል፤ አንድ ሱፐርቫይዘርም አሥር ያህል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እንዲከታተል ይጠበቃል።

የተገኘው ውጤት ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 ከሕዝቡ 92 በመቶ የሚሆነው በሜዳ ላይ ይጸዳዳ የነበረ ሲሆን፣ በ2015 ይህ አኃዝ ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ሆኖም በዚያው ዓመት ደረጃውን የጠበቀና ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚያገለግል መጸዳጃ ቤት የነበረው ሕዝብ 28 በመቶ ብቻ ነበር። የሁለቱ አኃዞች ትርጉም ግልጽ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ሜዳን ትተዋል፤ የተጠጉበት መጸዳጃ ቤት ግን በአንድ ክረምት ሊፈርስ የሚችል ነው። የሱፐርቫይዘሩ ሥራ ከዘመቻው ማግሥት የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከጉዞ በፊት

ጥሩ ክትትል የሚጀምረው ቢሮ ውስጥ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ቀበሌ ከመውጣቱ በፊት የቀደሙ ሪፖርቶችን፣ ባለፈው ጉብኝት የተሰጠውን ግብረ መልስና በጤና ጣቢያው የተመዘገቡትን የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የጥገኛ ትላትል ሕሙማን ብዛት ይመለከታል። መጸዳጃ ቤት ሙሉ በሙሉ ተዳርሷል ተብሎ ሪፖርት ከተደረገበት ቀበሌ የሚመጡ የተቅማጥ ሕሙማን ቁጥር ካልቀነሰ፣ ከመነሻው ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ተገኝቷል ማለት ነው።

በመስክ ላይ

በጉብኝት ወቅት የሚታዩትን ቤቶች የሚመርጠው አስጎብኚው ከሆነ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሞዴል ቤተሰቦች ብቻ ይታያሉ። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ከቤተሰብ መዝገቡ ላይ በዕጣ መምረጥ ይኖርበታል። በጤና ፕሮግራሞች ግምገማ 19 ቤቶችን በዕጣ ወስዶ ማየት የተለመደ የናሙና መጠን ሲሆን፣ ይህን ያህል ማዳረስ በማይቻልበት ጊዜም ከመንገድ ርቀው የሚገኙ ጎጦች እንዳይዘለሉ ጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል።

መጸዳጃ ቤት አገልግሎት ላይ መሆኑን ለማወቅ ከቃል ምላሽ ይልቅ ምልክቶች ይናገራሉ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ሣር ከበቀለበት፣ በሩ ላይ የሸረሪት ድር ካደራበት ወይም በውስጡ የእህልና የማገዶ ዕቃ ከተከማቸ ቤቱ ለተሠራለት ዓላማ እየዋለ አይደለም። ጉድጓዱ መክደኛ አለው ወይ? ወለሉ ሊታጠብ የሚችል ነው ወይ? አጠገቡ ውኃና ሳሙና ወይም አመድ ይገኛል ወይ? የሕፃናት ሰገራ የት ይጣላል? ጉድጓዱ ከጕድጓድ ውኃ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውኃውም በታችኛው አቅጣጫ ተቆፍሯል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ቁጥሩን ወደ እውነት ያቀርቡታል።

በውኃ ተቋማትም ላይ እንዲሁ ነው። የጎለበተ ምንጭ አጥሩ ፈርሶ ከብት የሚገባበት ከሆነ፣ ወይም የእጅ ፓምፕ የቆመበት ሲሚንቶ ተሰንጥቆ የፈሰሰው ውኃ ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ እርምጃ ያስፈልገዋል። ከቦኖ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃም በአፈ ክፍት ዕቃ ሲጓጓዝና ሲቀመጥ ስለሚበከል ምርመራው እስከ ቤት ውስጥ ማጠራቀሚያ መዝለቅ አለበት። ትምህርት ቤቶች፣ ገበያዎችና የጤና ተቋማቱ ራሳቸው ከዝርዝሩ ውጭ መሆን አይገባቸውም።

መረጃን ማመሳከር

ሱፐርቫይዘሩ በጤና ኬላው የሚገኘውን መዝገብ ራሱ ቆጥሮ ወደ ወረዳ ከተላከው ሪፖርት ጋር ያመሳክራል። ለምሳሌ በሪፖርቱ 240 መጸዳጃ ቤቶች ሰፍረው በመዝገቡ የተገኙት 198 ቢሆኑ፣ ከሪፖርቱ በመዝገብ የተደገፈው 82.5 በመቶው ብቻ ነው። በናሙና ከታዩት ቤቶች ውስጥ ደግሞ አገልግሎት ላይ ያሉት ሲለዩ ትክክለኛው ሥዕል ይወጣል። የልዩነቱ መነሻ ግን ሁልጊዜ ቅጥፈት አይደለም። በዝናብ የፈረሱት ከመዝገብ አልተሰረዙ ይሆናል፤ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ቅጹም በአግባቡ አልተብራራ ይሆናል። ምክንያቱን ለይቶ ማስቀመጥ የሱፐርቫይዘሩ ተግባር ነው።

ቁጥጥርና ድጋፍ

ሱፐርቫይዘር ጥፋት ፈላጊ አይደለም፤ ዝም ብሎ አመስግኖ የሚመለስ እንግዳም አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቸገራትን ሥራ አብሯት ሠርቶ ያሳያል፤ ስህተቷን በነዋሪው ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ይነግራታል። ከመለየቱ በፊትም የተገኘው ክፍተት፣ የሚወሰደው እርምጃ፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰውና የማጠናቀቂያው ቀን በጤና ኬላው የግብረ መልስ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቀጣዩ ጉብኝት የሚጀምረው ከዚህ ገጽ ነው። ያልተጻፈ ግብረ መልስ ያልተሰጠ ያህል ነው።

አንዳንድ ችግሮች ከቀበሌው አቅም በላይ ናቸው። አሸዋማ አፈር ባለበት ሥፍራ ጉድጓድ በየዓመቱ የሚደረመስ ከሆነ ነዋሪውን ደጋግሞ ከመውቀስ ይልቅ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ ሥራና ጠንካራ ወለል የሚገኝበትን መንገድ መፈለግ ይሻላል። የፓምፕ መለዋወጫ ጉዳይ የውኃ ጽሕፈት ቤቱን፣ የተማሪዎች መጸዳጃ ቤት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን፣ የምግብና መጠጥ ቤቶች ጉዳይ ደግሞ ፈቃድ የመስጠትና የማገድ ሥልጣን ያለውን አካል ይመለከታል። ሱፐርቫይዘሩ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አድርሶ ምላሹን ይዞ ወደ ቀበሌው መመለስ አለበት።

ወረርሽኝ ሲከሰት

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው የኮሌራ ወረርሽኝ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ክልሎች ተዛምቷል። የኮሌራ ምልክት በሽታ አምጪው ተሕዋስ ወደ ሰውነት ከገባ በ12 ሰዓትና በ5 ቀናት መካከል ይታያል፤ በጽኑ የታመመ ሰው ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚህ ፍጥነት ላይ ሩብ ዓመት የሚጠብቅ ሪፖርት ፋይዳ የለውም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሱፐርቫይዘሩ ሕሙማኑ የተጠቀሙበትን ውኃ ተከትሎ ምንጩን ያጣራል፤ የውኃ ማከሙንም ይከታተላል። ክሎሪን ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ0.5 ሚሊ ግራም ያላነሰ፣ ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ከ0.2 ሚሊ ግራም ያላነሰ ቀሪ ክሎሪን መገኘት አለበት። ድፍርስ ውኃ የክሎሪኑን ኃይል ስለሚቀንስ አስቀድሞ መጥለል ወይም መጣራት ይኖርበታል። ኬሚካሉ መታደሉን መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ በእንስራውና በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውኃ መለካት አለበት።

ከኃላፊዎች የሚጠበቅ

ሱፐርቫይዘሩ ይህን ሁሉ እንዲፈጽም ተሽከርካሪና ነዳጅ፣ የውሎ አበል፣ የውኃ መመርመሪያ ዕቃ እንዲሁም በስብሰባና በሌላ ዘመቻ የማይነጠቅ የመስክ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ወሳኙ ግን ያየውን እውነት ይዞ ሲመጣ የሚደረግለት አቀባበል ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ያቀረበ ቀበሌ የሚወቀስበት፣ ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ ወጥቷል ከተባለ በኋላ ወደ ኋላ መመለሱን የገለጸ ባለሙያ የሚገሠጽበት ጽሕፈት ቤት ውሎ አድሮ የሚያገኘው ደስ የሚያሰኝ ሪፖርት ብቻ ነው። ክፍተቱን የሚነግረው በሽታው ይሆናል።

ስለሆነም የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ሪፖርት ሲቀርብላቸው ከስንት መጸዳጃ ቤት ተሠራ ቀጥሎ ስንቱ በአካል ታየ፣ ስንቱ አገልግሎት ላይ ተገኘ፣ ባለፈው ጉብኝት ከተጻፉት ክፍተቶችስ የትኞቹ ተዘጉ ብለው ሊጠይቁ ይገባል። እነዚህ ጥያቄዎች በየወሩ በሚነሱበት ወረዳ ሱፐርቫይዘሩ ወደ ቀበሌ የሚወጣው ቁጥር ለመሰብሰብ ሳይሆን ሥራውን ለማረም ይሆናል።