ሰጪው የማይታወቅበት ሰደቃ



ቱርክን ብዙዎቻችን የምናውቃት በተከታታይ ፊልሞቿ ነው፤ በሱልጣኑ፣ በሰይፉ፣ በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ። ስለ ተራው ሕዝብ ኑሮ ግን ከፊልሞቹ ይልቅ አንድ የድንጋይ ምሰሶ ብዙ ይነግረናል። ስሙ «ሰዳካ ታሽ» ነው፤ የሰደቃ ድንጋይ ማለት።

በኦቶማን ዘመን ይህ ድንጋይ በኢስታንቡልና በሌሎች ከተሞች በመስጂድ አጠገብና በመንገድ ዳር ይተከል ነበር። አናቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለው። ያለው ሰው እጁን ዘርግቶ ሳንቲም ያኖርበታል፤ የቸገረው መጥቶ ለዕለቱ የሚበቃውን አንስቶ ሌላውን ለወንድሙ ይተዋል። ድንጋዩ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አላፊ አግዳሚው እጁን የሰደደው ሰው ይስጥ ይውሰድ አይለይም። የድሃው ክብር በዚህ ይጠበቅ ነበር። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በኡስኩዳር ያለው፣ ዛሬም ቆመዋል።

በረመዳን ደግሞ ሌላ ልማድ ነበር። ባለሀብቱ ወደማይታወቅበት ሰፈር ይሄድና ባለሱቁን የዱቤ መዝገቡን ይጠይቀዋል። ከመዝገቡ የተወሰኑ ገጾችን ያስመርጥና ዕዳውን ደምሮ ይከፍላል፤ ስሙን ሳይናገር ይሄዳል። ባለዕዳው ማን እንደከፈለለት፣ ከፋዩም ለማን እንደከፈለ አያውቁም።

ይህ መንፈስ ከኦቶማኖች ጋር አልተቀበረም። ለንግድም ሆነ ለጉብኝት ቱርክ የምትሄዱ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ «አስክዳ ኤክሜክ» የሚል ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል። «የተሰቀለ ዳቦ» እንደማለት ነው። ደንበኛው የሁለት ዳቦ ከፍሎ አንዱን ይወስዳል፤ ሌላው ለሚቸገር ሰው ይቀመጣል። በ2020 በኮሮና ምክንያት የጀማዓ ሶላት ሲቋረጥም፣ በኢስታንቡል ሳሪየር የሚገኝ አንድ መስጂድ ባዶ የቀረውን የጫማ መደርደሪያ በፓስታ፣ በዘይትና በሌላም አስቤዛ ሞልቶ ለችግረኞች ክፍት አድርጎ ነበር።

የዚህ ሁሉ ሥር ከዲናችን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቂያማ ቀን በአላህ ጥላ ሥር ከሚሆኑት ሰባት ዓይነት ሰዎች አንዱ፣ ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ ሰደቃውን የደበቀ መሆኑን ነግረውናል። በሱረቱል በቀራ 271ኛው አንቀጽም በግልጽ መስጠት መልካም እንደሆነ፣ ለድሆች ደብቆ መስጠት ግን የበለጠ እንደሆነ ተገልጿል። ስለዚህ ሌሎችን ለማነሳሳት በግልጽ መስጠት ሐራም ነው አንልም።

ግን ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ አምስት ኪሎ ሩዝ ለአንዲት እናት ስንሰጥ ካሜራ ፊቷ ላይ እንደግናለን። ቪዲዮው ነገ ልጇ በሚማርበት ትምህርት ቤት ከስልክ ስልክ ይዞራል። ሩዙ በሳምንት ያልቃል፤ ቪዲዮው ግን አያልቅም። ለሌሎች ማሳየት ካስፈለገ የተሰበሰበውን አስቤዛ መቅረጽ ይበቃል፤ የተቀባዩ ፊት ለምን ያስፈልጋል?

የዱቤ መዝገብ በእያንዳንዳችን ሰፈር ሱቅ ውስጥ አለ። አንድ ገጽ ለመክፈል ቱርክ መሄድ አያስፈልግም።

አላህ ሥራችንን ከሪያእ ያጥራልን፤ ሰደቃችንን ይቀበለን። አሚን።